ስለ «ዓለም በቃኝ» እና ስለ «ማረሚያ ቤት» ስም

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ቃል ሲሰማ ሰሙን ከወርቁ መለየት ልማዱ ነውና፥ ዛሬ የሁለት ወህኒ ቤቶችን ስም እንመረምራለን።

መዠመሪያው በአዲስ አበባ በከርቸሌ ግቢ የነበረው «ዓለም በቃኝ» ነው። ቃሉ የገዳም ቃል ነው። መናኝ ዓለም በቃኝ የሚለው በገዛ አፉና በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ሲመነኵስም በሕይወቱ ሳለ እንደ ሙት ተቈጥሮ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። እስረኛውን ግን ያላለውን ቃል በአፉ አኖሩበት። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በዚያ ግቢ ከ50 የሚበልጡ የቀድሞ መንግሥት ሹማምንት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ለመናኙ ፍትሐት ሲደረግለት፥ ለነዚያ ፍትሕ እንኳ አልተደረገላቸውም። ስለዚህ ይህ ስም ሰሙ ብፅዕና፥ ወርቁ ግፍ የኾነ ክፉ ቅኔ ነበረ። ቤቱም ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ተመረቀ።

ሁለተኛው በከተማው ደቡብ ዳርቻ የተሠራው የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው። ይህ ስም ከፊተኛው ይሻላል። ገበሬ የሚያርመው ስንዴውን ስለሚወድ ነው፤ ጸሓፊም አንድ ፊደል ቢሳሳት ፍቆ ያርመዋል እንጂ ብራናውን አያቃጥልም፤ የቅኔ መምህርም ደቀ መዝሙሩ ቤቱ የተሰበረ ቅኔ ቢነግረው፥ አጠገቡ አስቀምጦ ያቀናለታል እንጂ ከጉባኤ አያባርረውም። እንግዲህ አራሚ የሌለበት ቤት ማረሚያ ሊባል አይገባውም።

መልካም ስም ብቻውን እንዳይበቃ ከሩቅ አገር ምስክር እንጥራ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1829 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ፥ ስሙ ከንስሐ የተወለደ ወህኒ ተከፍቶ፥ እያንዳንዱን እስረኛ ለብቻው ዘግተው ጸጸትን ከዝምታ ጠበቁ። በ1842 የጐበኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ ግን ያን ብቸኝነት እንደ ጭካኔ ቈጥሮ ነቀፈው።

በእኛ ዘንድ ንስሐ ለብቻ አይፈጸምም፤ አባት አለው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 21 እስረኛ የሃይማኖት አማካሪው እንዲጐበኘው መብት ሰጥቶታል። ጌታችንም በፍርድ ቀን ከሚጠይቀን ምግባር አንዱ የታሰረን መጐብኘት መኾኑን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አስተምሯል። እኛ ካህናት ይህን በዐውደ ምሕረት ስንሰብክ፥ ስንቅ ቋጥረው በቃሊቲ ደጅ ሲሰለፉ የኖሩት ግን ይልቁን እናቶች ናቸው።

ሰሙን መንግሥት ሰጥቷል፤ ወርቁ የሚገኘው የንስሐ አባት ልጁ በታሰረበት ሲገኝ ነው።