የባዶ እጅ ዘፈን

እ.ኤ.አ. በሜይ 1986 በቤጂንግ የሠራተኞች ጂምናዚየም ጹዊ ጂያን የተባለ የ24 ዓመት የሮክ ዘፋኝ ጊታሩን አንግቶ መድረክ ላይ ወጣ። ልብሱ ያረጀ ነበር፤ የሱሪው አንዱ እግር ከሌላው ከፍ ብሎ ተጠቅልሏል። ስለ አገርና ስለ ፓርቲ በኅብረት መዘመር በለመደ አገር እሱ ስለ ራሱ ባዶ እጅነት ዘፈነ። የቻይና ወጣት ትውልድም ዘፈኑን «የኔ ነው» ብሎ ተቀበለው።

በዘፈኑ ውስጥ እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ ሱዎና የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው። በገጠር ሠርግና ቀብር ላይ የሚነፋው ይህ ጆሮ ሰንጣቂ መሣሪያ ከኤሌክትሪክ ጊታሩ ጋር ሲገጥም ዘፈኑ በድንገት አፈር አፈር ይሸታል። ዜማውም ከሰሜን ምዕራብ ቻይና የገጠር እንጉርጉሮ የተቀዳ ነው። ሮክ የባዕድ ነገር ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም። (ባለዘፈኑ ደግሞ ከኮሪያ ብሔረሰብ ቤተሰብ የተወለደ፣ በመንግሥት ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ይነፋ የነበረ ሰው ነው!)

በ1989 በቤጂንግ ቲያናንመን አደባባይ ለተቃውሞ የወጡ ተማሪዎች ይህን ዘፈን ዘፈኑት፤ እሱም መጥቶ ተጫወተላቸው። ከብዙ ዓመታት በኋላም፣ በኤፕሪል 2022 በኢንተርኔት በቀጥታ ያቀረበውን ኮንሰርት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ተከታትለውታል።