አራት መቶውና አንዱ፦ ስለ «ኦሮማይ» አጭር ሒስ

የይምላ ልጅ የሚክያስን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ንጉሥ አክዓብ ለጦርነት ሲነሣ አራት መቶ ነቢያት በአንድ ድምፅ «ድል ያንተ ነው» አሉት። ሚክያስን ሊጠራ የተላከው ሰው እንደ ሌሎቹ እንዲናገር መከረው። እርሱ ግን ያየውን ተናገረ፤ ጉንጩን ተመታ፣ ወህኒ ወረደ። ንጉሡም ከዘመቻው በሕይወት አልተመለሰም።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በዚህ ታሪክ አንጻር ማንበብ ይገባል እላለሁ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ የሚተርከው በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ያን ጊዜ ራዲዮው፣ ጋዜጣውና መድረኩ አራት መቶውን ነቢያት ሆነው ነበር። በዓሉም ዳር ቆሞ ተመልካች አልነበረም፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ እስከ አሥመራ ዘልቋል።

ስለ መጽሐፉ ሲወራ የፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር ይቀድማል። እኔ ግን ዋናው ጉዳይ የፀጋዬ ሥራ ነው ባይ ነኝ። ፀጋዬ የዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው፤ ማለትም ከአራት መቶው አንዱ። ያያል፤ ይጠራጠራል፤ ሥራውን ግን ይሠራል። ስለዚህ ሚክያስ እርሱ አይደለም፤ ሚክያስ ራሱ መጽሐፉ ነው። ጉድለት የለበትም አልልም፤ የስለላው ሤራ አልፎ አልፎ የሲኒማ ይመስላል።

ደራሲው ዋጋውን ከፈለ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መኪናው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች፤ እርሱ አልተገኘም። ናቅፋም በዚያ ዘመቻ አልተያዘችም፤ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ።

ታዲያ እውነተኛውን ቃል ከሐሰተኛው በምን እንለየው? እስኪፈጸም እንጠብቅ ብንል፣ ፍጻሜው ሲታይ የሞተው ሞቷል። መከራ መቀበልም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ውሸታምም ይታሰራል። ከ«ኦሮማይ» የማገኘው መለኪያ ሌላ ነው። ሐሰተኛው ነቢይ ድሉን ይቆጥራል እንጂ ሙታንን አይቆጥርም፤ በወዲያኛው ወገን ያለውንም «ጠላት» ብሎ ያልፈዋል። እውነተኛው ግን ሬሳውን ያሳየናል፤ በወዲያም የሚያፈቅርና የሚያለቅስ ሰው እንዳለ ይነግረናል።

እዚህ ኡራንም ወሬ ይነግሣል። አንዱ «አገሩ ሰላም ነው፣ ነገ እንገባለን» ይላል፤ ሌላው «ከእንግዲህ አገር የለንም» ይላል። ሁለቱም ጭብጨባ አያጡም። በስብሰባ ላይ ሁሉ እጁን ሲያወጣ አንድ ሰው እጁን ቢሰበስብ፣ ከመስደባችን በፊት ምን እንዳየ እንጠይቀው። መጽሐፉ በእጃችሁ ያለ ደግሞ አንብባችሁ ለጎረቤት አውሱ።