ስለ ጠመንጃ ሰደፍ ጥበብና ስለ ሠሪው መታወቂያ

የእጅ ሥራን መርምሮ ሠሪውን ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ በአፍኣ የሚታየው ጌጥ የባለቤቱን ክብርና ሀብት ሲመሰክር፣ የሠሪውን ማንነት የሚመሰክረው ግን ዐይን ያያል ተብሎ ባልታሰበበት በኅቡእ ስፍራ የተሠራው ሥራ መሆኑን ነው። ብራና የሚመረምር ሊቅም የቁም ጸሐፊውን እጅ ለመለየት ሲፈልግ በመጽሐፉ ራስ ላይ የተሣለውን ሐረግ አይቶ አይፈርድም፤ ሐረጉን ሌላ ሰው ሥሎት ይሆናልና፣ ይልቁንም በየመስመሩ የሚመላለሱትን ተራ ፊደላት፣ የእግራቸውን ርዝመትና የወገባቸውን አጣጣል ያስተውላል። የአሮጌ ጠመንጃ ሰደፍም የሚነበበው በዚሁ ሥርዓት ነው።

በሪያድ ከተማ በጉበይራ ሰፈር የሚኖር ወገናችን እንዲህ ያለውን ግብረ እድ ለማየት ቢሻ ሩቅ መንገድ አይጠብቀውም፤ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ እ.ኤ.አ. በ1902 የያዘው የመስመክ ምሽግ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኖ የቀድሞውን ዘመን መሣሪያ ያሳያል፣ በአቅራቢያውም በሱቅ አልዘል፣ ምንጣፍና ካባ፣ ዑድና ሽቱ ከሚሸጥባቸው ሱቆች መካከል፣ የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች ይገኛሉ። መመርመርና መያዝ ግን ልዩ ልዩ ነገር ነው፤ በዚያ አገር የጦር መሣሪያ ባለቤትነት በሕግና በፈቃድ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ እንግዳ ሰው በዐይኑ ብቻ ቢጠግብ ይሻለዋል።

ደግሞም በዚያ የሚያጋጥመው ጠመንጃ ለኢትዮጵያዊው ፈጽሞ ባዕድ ላይሆን ይችላል። እኛ ውጅግራ የምንለው፣ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የመረጡት ጠመንጃ፣ በታጁራና በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ በገባበት ዘመን ወደ ዐረብ ምድርም ተሻግሯልና። ስለዚህ በቀይ ባሕር በወዲህና በወዲያ ዳርቻ የሚገኝ አንድ ሰደፍ ሦስት እጅ ያለፈበት ሊሆን ይችላል፦ መጀመሪያ የሠራው የፋብሪካው እጅ፣ ሁለተኛ ሲሰበር የጠገነው ወይም እንደ አዲስ የጠረበው የአናጢው እጅ፣ ሦስተኛ በብርና በናስ ያስጌጠው የአንጥረኛው እጅ። የመርማሪው ዋና ተግባር እነዚህን ሦስቱን መለየት ነው።

የፋብሪካው እጅ ከሁሉ ይልቅ በቀላሉ ይታወቃል። የውጅግራ ሰደፍ ከአውሮፓ የዋልነት እንጨት የተጠረበ ሲሆን፣ በቀኝ ጎኑ ላይ የሠሪውን ፋብሪካ ምልክት፣ ወሩንና ዓመቱን የያዘ ክብ ማኅተም ይታተምበታል፤ የጠመንጃው ቁጥርም ከብረቱ ሌላ በእንጨቱ ላይ ይገኛል። ማኅተሙ ካለና የእንጨቱ ቁጥር ከብረቱ ቁጥር ከተስማማ፣ ሠሪው በሴንት ኤትየን፣ በሻተልሮ፣ በቱል ወይም በኦስትሪያ በሽታየር የነበረ ስሙ ያልተጻፈ ሠራተኛ ነው ማለት ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ሠራዊት የተማረኩት ሬሚንግተን የተባሉት ጠመንጃዎች ደግሞ በብረታቸው ላይ የዐረብኛ ጽሑፍ ይዘው ስለ ተገኙ፣ ዐረብኛ ያለበት ጠመንጃ ሁሉ የዐረብ ሥራ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ገና ከመነሻው ይስታል።

ማኅተሙ ከሌለ ወደ እንጨቱ ባሕርይ መመልከት ይገባል። ዋልነት ቡናማ፣ ቀዳዳው በዐይን የሚለይ፣ ክብደቱም መካከለኛ ነው፤ ወይራ እጅግ ከባድ ሆኖ በቢጫማ ቡናማ መልኩ ላይ ጥቁር ጅማት ይሮጥበታል፤ ዋንዛ ግን ቀለል ያለና ለመጥረብ የሚታዘዝ ነው። ከእንጨቱ ዓይነት ይልቅ ግን የአናጢውን ዕውቀት የሚገልጠው አቆራረጡ ነው። የሰደፍ ደካማ ስፍራ እጅ የሚጨብጠው አንገቱ ስለ ሆነ፣ ዐዋቂ ሠሪ የእንጨቱ ጅማት አንገቱን ተከትሎ እንዲሄድ አድርጎ ይቈርጣል፤ ያላወቀው ግን መልኩ ያማረውን ሰሌዳ መርጦ ጅማቱ አንገቱን እንዲያቋርጥ ይተወዋል፣ ይህም አንድ ቀን በተኩሱ ግፊት መሰንጠቁ አይቀርም። በአንገቱ ዙሪያ ጠፍር ተጠምጥሞ ከተገኘ፣ እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ተኰማትሮ ስንጥቁን የሚያጠብቅ በመሆኑ፣ ከጌጥ ይልቅ ጥገና ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታላቁ ምስክር ብረቱ የሚያርፍበት የውስጥ መቀመጫ ነው። ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ጥይት አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ ብሎኖቹ ተፈትተው ብረቱ ቢነሣ፣ አናጢው ለማንም ሳያስብ የሠራው ሥራ በገሃድ ይታያል። መልካም ሠሪ መቀመጫውን በስል መሮ ስለሚያወጣው ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑም የጠራ ሲሆን፣ ብረቱና እንጨቱ በሚገናኙበት መስመር ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አይገኝም፤ ችኩል ሠሪ ግን ጉድጓዱን አስፍቶ ይቈፍርና የተረፈውን ባዶ በሙጫ ወይም በሰም ይሞላዋል። የመሮው አፍ ስፋት፣ በስለቱ ላይ የነበረች ጉድለት የተወችው ጭረት፣ ሞረዱ የሄደበት አቅጣጫ፣ በተረከዙ ብረት ሥር የተቀረጸ ፊደል ወይም ምልክት፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ሰደፍ ወደ ሌላው ሲደጋገሙ የእጅ ፊርማ ይሆናሉ።

ጌጡ ግን በመጨረሻ ይጠየቅ። በ1780 ዓመት ምልክት የሚመታው የማርያ ቴሬዛ ብር በሐበሻም በዐረብም ገበያ ይዘዋወር ስለ ነበረ፣ አንጥረኛውም ያንኑ እያቀለጠ ይሠራ ስለ ነበረ፣ የብሩ ዓይነት ብቻውን አገር አይናገርም። ይልቁንም ከብሩ ቀለበት ጠርዝ ሥር ያለውን እንጨት ማየት ይበጃል፤ እንጨቱ ከዚያ ሥር ያረጀና የተፈተገ ከሆነ ጌጡ በኋላ የመጣ ነው፣ ያልተነካና የቀድሞ ቀለሙን የጠበቀ ከሆነ ግን ጌጡና ሰደፉ ዕድሜያቸው ሊቀራረብ ይችላል።

በሩቅ አገር ስማቸው የታወቀ ሰደፍ ሠሪዎችም በዚሁ መንገድ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ በሎስ አንጀለስ ይሠራ የነበረው ዉንድሃመር፣ መዳፍን እንዲሞላ በሰደፉ አንገት ጎን ያወጣው የነበረው እብጠት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1923 በኒው ዮርክ የተቋቋመው የግሪፈንና ሃው ቤት ደግሞ ከመሥራቾቹ አንዱ ሲሞር ግሪፈን የቤት ዕቃ አናጢ ነበረ። ነገር ግን የዉንድሃመርን እብጠት ብዙዎች ስለ ቀዱት፣ ቅርጽ ትምህርት ቤቱን እንጂ መምህሩን አያስረዳም፤ በዚያም ቢሆን ፍርዱ ወደ ውስጡ መቀመጫ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ብርጭቆ ወረቀት ነው። ነጋዴ አሮጌውን ሰደፍ ሊያሳምር ሲፍቀው ማኅተሙ ይጠፋል፣ የማዕዘኑ ስለት ይዶለዱማል፣ ቀድሞ ከብረቱ ጠርዝ ጥቂት ከፍ ብሎ የነበረው እንጨትም ዝቅ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ሰደፍ ቢያብለጨልጭም ግማሽ ምስክርነቱን አጥቷልና፣ ዋጋውም በዚያው መጠን ሊቀነስ ይገባዋል።

እንግዲህ ፍርድ ሲሰጥ በደረጃ ይሁን፦ ፊርማ ወይም ማኅተም ሲገኝ ሠሪውን፣ የመሣሪያ ጭረት ከሌላ ሥራ ጋር ሲስማማ እጁን፣ አቆራረጥና ቅርጽ ብቻ ሲቀር ትምህርት ቤቱን ወይም አገሩን መጥራት ይበቃል። በብዙ አገር ሰደፍ የጠረቡ ሰዎች ስማቸውን ሳይተዉ አልፈዋል፤ ስለዚህ ዐዋቂ ሰብሳቢ ለአንድ ሰደፍ ያልተረጋገጠ ስም ከመለጠፍ ይልቅ፣ የመሮውን ስፋትና የጭረቱን መልክ በመዝገብ ጽፎ ቢያኖር፣ ሁለተኛው ከዚያው እጅ የወጣ ሰደፍ በተገኘ ጊዜ ስም የሌለው ጠቢብ ከሥራው ብቻ ተለይቶ ይታወቃል።