መስማት ለተሳናቸው ጐልማሶች የእንግሊዝኛ ንባብ ማስተማር፦ የዘዴው ጉድለትና ማቃኛው

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጐልማሶች ትምህርት ታሪክ ከፍተኛ ስፍራ አለው። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ለመሰጠት መብቃቱ የሚዘነጋ አይደለም። ይሁን እንጂ ከቄስ ትምህርት ቤት እስከ መንደር የንባብ ጣቢያ የዘለቀው ዘዴ፣ ተማሪው ይሰማል ከሚል ግምት ይነሣል። «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ» እየተባለ በኅብረት ሲዜም፣ መስማት የተሳነው ጐልማሳ የሚያየው የከንፈር እንቅስቃሴን ብቻ ነው።

ይኸው ግምት ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ጉዳቱ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ፣ እንግሊዝኛ ከእንጀራ ጋር የተያያዘ ነው። ከዳባትም ሆነ ከተራሮቹ ግርጌ ለሥራ የሚመጣ ጐልማሳ ማስታወቂያና የዋጋ ዝርዝር ማንበብ ያስፈልገዋል። መምህሩ ግን ፊደላቱን በድምፃቸው ሊያስጠናው ይሞክራል። «ፓ»፣ «ባ» እና «ማ» በከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ስለሚታዩ፣ ድካሙ ፍሬ አይሰጥም።

ችግሩም ያለው መምህሩ በሚፈልግበት ቦታ አይደለም። የሚሰማ ተማሪ «ናይፍ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ፣ የማይሰማው መነሻ ፊደል «ኬይ» ያሰናክለዋል፤ የማይሰማው ጐልማሳ ግን አምስቱንም ፊደላት በዓይኑ እኩል ያያቸዋል። እርሱን የሚያውከው ሥዕል የሌለው ነገር ነው፤ ይኸውም መስተዋድድና የግሥ ጊዜ ነው። በከንፈር ልምምድ የሚባክነው ሰዓት ለእነዚህ ሊውል ይገባ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው የቅደም ተከተሉ መዛባት ነው። በቤተ ዘመድ መካከል በተፈጠረ ጥቅሻና ምልክት ብቻ ላደገ ሰው፣ እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ቋንቋ ሊሆን አይችልም። አስቀድሞ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ፣ ቀጥሎ የአማርኛ ንባብ፣ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ ሊመጣ ይገባል። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል የእጅ ቅርጽ የፊደሉን ቤት፣ የእጅ እንቅስቃሴ ሰባቱን ድምፆች ስለሚያመለክት፣ ፊደል ያለ ጆሮ ሊቈጠር ይችላል። ጥቂት ለሚሰሙት ግን መንገዱ ልዩ ነው፤ ከመምህሩ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት ተቀምጠው በቀረው መስሚያቸው ቢጠቀሙ ይረዳቸዋል። ሁለቱን ወገኖች በአንድ ዘዴ ማስተማር ሁለቱንም መበደል ነው።

በየቀበሌው የተበተኑትን ለየብቻ ማስተማር እንደሚከብድ አይካድም። ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች በወረዳው ከተማ የጋራ ክፍል ቢከፍቱ፣ በምልክት ቋንቋ የሠለጠኑና ራሳቸው መስማት የተሳናቸውን መምህራንም ቢመድቡ ይበጃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በዘርፉ የዲግሪ ትምህርት ስለ ጀመረ፣ ባለሙያ ከየት ይገኛል ማለት በቂ ምክንያት አይሆንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የምልክት ቋንቋ ትምህርትን ያስገድዳል። የትምህርቱ ውጤት ሊመዘን የሚገባው ጐልማሳው ቃሉን በመጥራቱ ሳይሆን፣ የተጻፈውን አንብቦ በመረዳቱ ነው።