«ዴድ ስፔስ፦ ዳውንፎል»፤ ደሙ የበዛ፣ ፍርሃቱ ያነሰ ፊልም

ከቪዲዮ ጨዋታ ተቀድተው የሚሠሩ ፊልሞች በሂስ ሰዎች ዘንድ ብዙም ግምት አያገኙም። አብዛኞቹም ግምት የሚገባቸው አይደሉም። ይሁን እንጂ ተማሪዎቻችን በስልክና በፍላሽ እየተቀባበሉ የሚያዩት እነዚህኑ ስለሆነ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህር «አላየሁም፤ አላይምም» ብሎ ሊያልፋቸው አይገባም እንላለን። ስለ ትልም፣ ስለ ገጸ ባሕርይና ስለ ልብ ሰቀላ የምናስተምረው ነገር በመማሪያው መጽሐፍ ውስጥ ላለው አጭር ልቦለድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ኧረ ለመሆኑ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

ለዛሬ የመረጥነው በ2008 በአሜሪካ የወጣውን «ዴድ ስፔስ፦ ዳውንፎል» የተባለ የአኒሜሽን ፊልም ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ሙት ጠፈር፤ ውድቀት» እንደ ማለት ነው። አዘጋጁ ቻክ ፓተን፣ ጸሐፊዎቹ ጀስቲን ግሬይና ጂሚ ፓልሚዮቲ ሲሆኑ፣ ሦስቱም በኮሚክ መጻሕፍት ሥራ የታወቁ ናቸው። የሠራው ድርጅት ፊልም ሮማን ይባላል፤ «ሲምፕሰንስ» የተባለውን የቤተሰብ ካርቱን ለብዙ ዓመታት ሲያዘጋጅ የኖረው ይኸው ድርጅት ነው። ፊልሙ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። የወጣውም «ዴድ ስፔስ» የተባለው ጨዋታ ለገበያ በቀረበበት በዚያው በጥቅምት ወር ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሆነውን ይተርካል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከዛሬ ወደ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ኤጂስ ሰባት በምትባል ፈለክ ላይ ማዕድን ቆፋሪዎች ሠፍረዋል። ከበላያቸው «ኢሺሙራ» የተባለች ግዙፍ መንኮራኩር ትዞራለች፤ ሥራዋም የፈለክን ቅርፊት ገንጥሎ ማንሣትና ማዕድኑን መልቀም ነው። ቆፋሪዎቹ የተቀረጸ ሐውልት መሰል ነገር ያገኛሉ፤ ስሙ «ማርከር»፣ ማለትም ምልክት ነው። ይህን ነገር የሚያመልክ፣ ከሞት በኋላ ሁሉም አንድ ይሆናል ብሎ የሚያስተምር ዩኒቶሎጂ የተባለ እምነት አለ። የመንኮራኩሯ አዛዥ ካፒቴን ማቲየስም የዚህ እምነት ተከታይ ነው። ማርከሩ ወደ ኢሺሙራ ይጫናል። በሠፈሩ ያሉት ሰዎች ግን አእምሯቸው እየተነካ እርስ በርስ ይገዳደላሉ፤ ራሳቸውንም ያጠፋሉ። ካፒቴኑ ከታች ማንም እንዳይመጣ ይከለክላል። ኮሊን ባሮው የተባለ ሰው የሚስቱን ሬሳ ይዞ ሸሽቶ መንኮራኩሯ ላይ ይደርሳል። ሬሳዋ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ሙታን ክንዳቸው ወደ ስለት እየተለወጠ ሕያዋንን ያሳድዳሉ፤ የጥበቃ ኃላፊዋ አሊሳ ቪንሰንትም ከጥቂት ጠባቂዎች ጋር ትዋጋለች።

እንግዲህ የፊልሙ የመጀመሪያ ችግር ፍጻሜው አስቀድሞ መታወቁ ነው። ጨዋታውን የተጫወተ ወጣት ኢሺሙራ ላይ ጤነኛ ሰው ጠፍቶ፣ ኮሪደሩ በደም ተጨማልቆ እንደሚገኝ ያውቃል። ስለዚህ «ማን ይተርፋል?» የሚለው ጥያቄ ልብ ሊሰቅል አይችልም። ይህ በራሱ ጉድለት ነው አንልም። ስለ ዓፄ ቴዎድሮስ የተሠራ ቴአትር ለማየት የሚገባ ሰው በ1868 መቅደላ ላይ ምን እንደሚሆን ሳያውቅ አይገባም፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። ፍጻሜው ሲታወቅ ልብ የሚሰቀለው «ምን ይሆናል?» በሚለው ላይ ሳይሆን «እንዴት እዚህ ደረሱ? የት ላይ ሊመለሱ ይችሉ ነበር?» በሚለው ላይ ነው። ይህንን ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ «ዳውንፎል» የሚያስፈልገው ሁሉ በእጁ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ጨዋታው ራሱ እንዴት እንደሚያስፈራ ማየት ይጠቅማል። ተጫዋቹ የሚመራው አይዛክ ክላርክ የተባለ ሰው ወታደር ሳይሆን መሐንዲስ ነው (ስሙ የሁለቱን የሳይንሳዊ ልቦለድ ደራስያን፣ የአይዛክ አሲሞቭንና የአርተር ክላርክን ስም አጣምሮ የያዘ ነው)። መጀመሪያ እጁ የሚገባው መሣሪያም የማዕድን መቁረጫ እንጂ ጠመንጃ አይደለም። በሌሎች ጨዋታዎች በመስኮቱ ጥግ የሚታየው የጤንነት መለኪያ እዚህ የለም፤ የሰውዬው ዕድሜ በልብሱ ጀርባ፣ በአከርካሪው ላይ በሚበራ ብርሃን ይታያል። የጥይቱም ቁጥር ከመሣሪያው ላይ ይነበባል። ተጫዋቹ ዕቃውን ሲፈትሽ ጨዋታው ቆሞ አይጠብቀውም። ጠላቱን ጭንቅላቱን ቢመታው አይሞትለትም፤ እጅና እግሩን እየለየ መቁረጥ አለበት፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ማነጣጠር አለበት ማለት ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው ከጭራቁ መልክ ብቻ ሳይሆን ከተጫዋቹ ኃላፊነት ነው። ቢሳሳት የሚሞተው እሱ ነው።

ፊልም ተመልካች ግን እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ነው። የተወሰደበትን ኃላፊነት በሌላ ነገር መተካት የአዘጋጁ ፈንታ ነበር። ቻክ ፓተን የተካው በደም ነው። ሰው ይሰነጠቃል፣ ይቆረጣል፣ ይበለታል፤ አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ዓይናችን ይለምደዋል፤ ሃያ ደቂቃ ሲሆን እንሰለቻለን። ገጸ ባሕርያቱ ጠፍጣፋ ሆነው የተሣሉ ናቸው፤ መንኮራኩሮቹ ደግሞ በኮምፒውተር የተሠሩ ጥልቀት ያላቸው ስለሆኑ ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ አይዋሐዱም። ጭራቆቹም ሙሉ ብርሃን ላይ ቆመው ይታያሉ። በአማርኛ ፍርሃትና ሰቀቀን የተለያዩ ቃላት የሆኑት በከንቱ አይደለም። ፍርሃት ገና ያልመጣውን መጠበቅ ነው፤ ሰቀቀን የመጣውን አይቶ መሸማቀቅ ነው። ይህ ፊልም ሰቀቀን እንጂ ፍርሃት አያውቅም።

በ1979 የወጣውን የሪድሊ ስኮትን «ኤሊየን» ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል። እዚያም በመንኮራኩር ውስጥ የተዘጉ ሰዎች አሉ፤ ሰባት ብቻ ናቸው። ጭራቁ የሚታየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ከጭራቁ ይልቅ የሚያስደነግጠን የኩባንያው ምስጢራዊ ትእዛዝ ሲገለጥ ነው፤ ትእዛዙም ፍጡሩ ይምጣ፣ የሠራተኞቹ ሕይወት ግን ቢጠፋም ግድ የለም የሚል ነው።

«ዳውንፎል»ም ተመሳሳይ ጭብጥ ነበረው፤ የሚያሳዝነንም ይኸው ነው። የፊልሙ የመጀመሪያ ሩብ፣ ደሙ ሳይፈስ፣ እውነተኛ ፍርሃት አለበት። ከታች ሰዎች እያለቁ ነው፤ ከላይ ያለው አዛዥ ያውቃል፤ በሩን ይዘጋል። ለሠራተኛው የሚነገረው ከሚሆነው ነገር ያነሰ ነው። ቪንሰንት የሰውን ደኅንነት እንድትጠብቅ የተሾመች ስትሆን ከምን እንደምትጠብቅ ግን አታውቅም። ይህ ግጭት ቢጎተትና ቢከርር፣ ቪንሰንትና ማቲየስ ፊት ለፊት ቆመው ቢከራከሩ፣ ፊልሙ ሌላ ፊልም በሆነ ነበር። ነገር ግን ማቲየስ ከዶክተር ካይን ጋር ሲታገል መርፌ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ይሞታል። ሲሞት ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መሮጥና መቁረጥ ብቻ ነው። ጸሐፊዎቹ የታሪኩን ዋና ጥያቄ በአንድ መርፌ ገደሉት ለማለት ያስደፍራል።

የእምነቱ ነገርም እንዲሁ ነው። የዩኒቶሎጂ ተከታዮች በጅምላ እብድና ጨለምተኛ ሆነው ነው የተሣሉት። በአንድ ስፍራ ብቻ ፊልሙ ከዚህ ይሻላል፤ ሳሙኤል አይረንስ የተባለው አማኝ ሌሎቹ እንዲያመልጡ ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሆኖም በፊልሙ ውስጥ ስሙን የምናስታውሰው ከቪንሰንት ቀጥሎ እሱን ነው። አማኙን ሁሉ ሞኝ አድርጎ ማቅረብ ለደራሲ ቀላል መንገድ ነው፤ አይረንስ ግን ጸሐፊዎቹ ሲፈልጉ ከባዱንም መንገድ እንደሚያውቁት ያሳያል።

ፊልሙ ክፍል ውስጥ ይታይ አንልም። ጨዋታው በአሜሪካ የተፈቀደው ከ17 ዓመት ጀምሮ ላሉ፣ በአውሮፓ ደግሞ ከ18 ዓመት ጀምሮ ላሉ ነው፤ ፊልሙም በጭካኔ ከጨዋታው አያንስም። ነገር ግን ተማሪው አይቶት ከመጣ «ይህን ቆሻሻ ለምን ታያለህ?» ብሎ መቆጣቱ በሩን መዝጋት ነው። «ካፒቴኑ በሩን የዘጋው ለምን ይመስልሃል? አንተ በቪንሰንት ቦታ ብትሆን ምን ትጠይቀው ነበር? ደራሲው ካፒቴኑን ቶሎ ባይገድለው ታሪኩ ወዴት ይሄድ ነበር?» ብንለው፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከምንገምተው በላይ እንደሚመልስልን አንጠራጠርም። በማሠልጠኛ ተቋም ያሉ ዕጩ መምህራንም ስለ ትልም የሚጽፉትን ልምምድ በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ቢሞክሩት አይጎዱም።

ፊልሙ መጨረሻው ላይ እንደገና ይነሣል። ቪንሰንት ብቻዋን ትቀራለች። ያየችውን ሁሉ፣ መንኮራኩሯና ማርከሩ መጥፋት እንዳለባቸው ጭምር፣ በድምፅና በምስል ቀድታ ታስቀምጣለች፤ ከዚያም በሩን ለጠፈር ከፍታ ትሞታለች። በጨዋታው መጀመሪያ አይዛክ ከወዳጁ ከኒኮል የተላከለትን መልእክት ደጋግሞ ያያል፤ መጨረሻውን ግን አይቶ እንዳላየ ሆኖ እንደኖረ የሚገለጥልን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። በሁለቱም ሥራዎች የሞተች ሴት እውነቱን ተናግራ ሄዳለች። በፊልሙ መዝጊያ «ኬሊየን» የተባለችው ትንሽ መንኮራኩር ወደ ኢሺሙራ ትቀርባለች። ጨዋታውን የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በውስጧ ያሉት ሰዎች የመጡት ተበላሸ የተባለ የመገናኛ መሣሪያ ሊጠግኑ ነው፤ ምንም ሳያውቁ ይገባሉ።