ክዳኑ ላይ ፍም አድርጉበት!

እናንተዬ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም! ሦስት ቀን ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ የማወራው ይህንኑ ነው። እስከ ዛሬ እንቁላል በልቼ አላውቅም ብል ይቀለኛል! ፍርፍሩን አይደለም የምላችሁ፤ ጥብሱንም ቅቅሉንም አይደለም። የተጋገረ እንቁላል! እዚሁ አሶሳ፣ እዚሁ የከሰል ምድጃዬ ላይ፣ ያለ ኦቨን፣ ካደረ ገንፎና ከተረፈ ባሚያ ወጥ!

ማታ የማሽላ ገንፎ በባሚያ በልተን ተረፈ። የኛ አገር ሰው ያውቀዋል፣ ጠንከር ተደርጎ የተገነፋ ገንፎ ሲያድር በቢላ የሚቆረጥ ይሆናል። ወጡም ድስቱ ግርጌ ሁለት ጭልፋ ያህል ቀርቷል። ጠዋት ቤት ውስጥ ያለው ሦስት እንቁላል ብቻ ነው፤ ሦስት እንቁላል ለአራት ሆድ! ድንገት እናቴ ድፎ ስትደፋ ትዝ አለችኝ። ከታች እሳት፣ ከላይ እሳት! ዳቦው እንዲያ የሚበስል ከሆነ እንቁላሉስ ምን ይከለክለዋል?

ገንፎውን በጣት ውፍረት ቆራረጥኩት። ብረት መጥበሻዬ ላይ የሰሊጥ ዘይት ጠብ አድርጌ ደረደርኩት። ቸስስስ! ታቹ ወርቅ እስኪመስል ጠበቅሁ። ወጡን አፈሰስኩበት። በማንኪያ ሦስት ቦታ ጎድጎድ አደረግሁና እንቁላሎቹን ሰበርኩባቸው። ጨው ቆንጠር፣ ሚጥሚጣ ነስነስ። በብረት ክዳን ከደንኩት፤ ከምድጃው የቀላ ፍም እያነሳሁ ክዳኑ ላይ ደረደርኩ፤ ከታች ትንሽ ብቻ አስቀረሁ። አለቀ! ሌላ ሥራ የለውም!

ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቼ ክዳኑን ሳነሳ... ኧረ አጃኢብ! ጠርዙ ኩፍ ብሏል! ነጩ ረግቷል፣ አስኳሉ ግን ገና ይንቀጠቀጣል! ሽታው ግቢውን ሞላው። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል «አንቺ ልጅ፣ ምን እየሠራሽ ነው እንዲህ የሚያውደው?» አሉኝ። ቆርሼ ቀመስኩ። ታቹ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ መሃሉ ልስልስ ያለ ነው፣ አስኳሉ ሲፈርጥ ደግሞ ሁሉም ላይ ይፈስሳል! ባሚያው ያ መዝለግለጉ የት እንደገባ እንጃ፣ እንቁላሉን ቅቤ የገባበት አስመስሎታል። ላዩ ላይ ቆልቼ የወቀጥኩት የአሶሳ ለውዝ! ውይ! ውይ!

ምስጢሩ ያ ክዳኑ ላይ ያለው ፍም ነው። ከታች ብቻ ሲጠበስ ታቹ ይደርቅና ላዩ ጥሬ ይቀራል። ነጩ መርጋት የሚጀምረው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አለፍ ሲል ነው፤ አስኳሉ ትንሽ ጨመር ያለ ሙቀት ይፈልጋል። ቀስ ብሎ ከላይም ከታችም ሲሞቅ ነጩ ቀድሞ ይረጋል፣ አስኳሉ ማር ሆኖ ይጠብቃችኋል!

በማግስቱ አላስቻለኝም። የተረፈ መኮሮኒ ነበር። ጣሊያኖች ፍሪታታ የሚሉት አላቸው፣ ኔፕልስ ውስጥ ያደረ ፓስታ ሳይቀር ይከቱበታል። ቱኒዚያዎችም ታጂን ብለው እንቁላሉን ከሥጋና ከአይብ ጋር መትተው ይጋግሩታል፤ ኢራኖች ደግሞ በአረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ሞልተው ኩኩ ይሉታል። እኛ ምን ሆነን! አራት እንቁላል መታሁ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከተፍኩ፣ መኮሮኒውን ለወስኩበት። ፍም ከላይ፣ ፍም ከታች! ትሪ ላይ ስገለብጠው እንደ ድፎ ክብ ሆኖ ሙሉውን ወጣ! ልጆቹ ለጠርዙ ተጣሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ የጠርዙ መኮሮኒ ሲቆረጠም ሌላ ነገር ነው!

ሦስተኛው ቀን ግን... የዶሮ ወጥ ቁሌት! ሥጋው አልቆ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ያ ቀይ፣ ያ ወፍራም ቁሌት። ያ ሁሉ ሽንኩርት ሲቁላላ የዋለው ለካ ለዚህ ነው! የእንጀራ ድርቆሽ ከታች አነጠፍኩ፣ ቁሌቱን ደፋሁበት፣ እንቁላል ሰበርኩበት፣ ከደንኩ። ቅቤው ዳር ዳሩን ሲንተከተክ፣ በርበሬው ከእንቁላሉ ጋር ሲዋሃድ! መጥበሻውን በእንጀራ ጠረግነው። ማጠብ ራሱ አላስፈለገውም ማለት ይቻላል!

ክረምት ሲገባማ አስቡት! ክልላችን የቆላ ቀርከሃ አገር አይደል? ያ ለስላሳው የቀርከሃ ቡቃያ ተቀቅሎ ውሃው ተደፍቶ፣ ቀጭን ቀጭን ተከትፎ፣ በሽንኩርት ተጠብሶ፣ እንቁላል ውስጥ! አሁኑኑ ምራቄ መጣ!

ዛሬ ማታ ማሰሮዬ ውስጥ ምን አለ መሰላችሁ? የምሳ ምስር ወጥ። እንቁላሉ አራት ነው። ከሰሉ ቀልቷል። በሉ እናንተም ድስታችሁን ክፈቱና እዩ፣ እኔ ክዳኔን ልፈልግ!