የጅማ መንገዶች በድሮና በዛሬ ፎቶግራፍ፤ ስለ ማወዳደሩ ዘዴ የቀረበ ሂስ

የጅማን መንገዶች የድሮና የዛሬ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት በብዙዎች ዘንድ የተወደደ ሥራ ሆኗል። እኛም ከጊንጆ ጉዱሩ ተነሥተን፣ ሥዕሎቹ የተነሡበትን ስፍራ እየዞርን ተመለከትን። ከሥዕሎቹ ዘወትር የሚወጣው ፍርድ «ከተማዪቱ ድሮ ያማረች ነበረች፤ ዛሬ ተበላሸች» የሚል ነው። እኛ ግን ይህ ፍርድ በቂ ማስረጃ የሌለው ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድሞ፣ ፎቶግራፉን ያነሣው ማን ነው? እኛ ካየናቸው አብዛኞቹ ጅማ በኢጣልያ እጅ የነበረችበት ጊዜ፣ ይኸውም ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ያለው ዘመን ሥራዎች ናቸው። ወራሪዎቹ ከተማዪቱን የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገዋት ስለ ነበር፣ ሠራን የሚሉትን ለአገራቸው ሕዝብ ማሳየት ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ በሥዕሉ ጎልቶ የሚታየው ቀጥ ያለ መንገድና አዲስ ግንብ ነው፤ ሰው ጥቂት ነው። ፕላናቸው የአገሬውን መኖሪያ ከፈረንጁ የሚለይ እንደ ነበረ ሥዕሉ አይናገርም፤ ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሠፈር ስም ግን እስከ ዛሬ ይናገራል። የመንገዱን ባዶነት ንጽሕና ነው ከማለታችን በፊት፣ ማን እንዳይመላለስበት ተደርጎ ነው ብለን መጠየቅ ይገባን ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ቀኑን አለመመልከት ነው። የሂርማታ ትልቁ ገበያ የሚቆመው ሐሙስ ነው። በዚህ ስሕተት ላይ እኛም ወድቀናል፤ መጀመሪያ የወጣነው ሐሙስ ስለ ነበር፣ ከባጃጁና ከተሸካሚው ብዛት የተነሣ የግንቡን ደረጃ እንኳ ማየት አልቻልንም። እሑድ ማለዳ ተመልሰን ብናየው፣ ያው መንገድ ከድሮው ሥዕል ብዙ ሳይርቅ ቆሞ አገኘነው።

በሌላ በኩል፣ ይህ ማወዳደር ከንቱ ነው አንልም፤ የትኛው ግንብ እንደ ቆመ፣ የትኛው እንደ ፈረሰ በርግጥ ያስረዳል። ጊንጆ ጉዱሩን የሚያሳይ የድሮ ሥዕል ግን አንድም አላገኘንም። እንግዲህ ስለ ሠፈራችን ለማ ወይም ጠፋ የሚል ሰው ከምን ጋር አስተያይቶ ነው?

በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማት የከተማዪቱን የመንገድ ዳር መልክ እየለወጠው ስለ ሆነ፣ ነገሩ ጊዜ አይሰጥም። ፎቶግራፍ አንሺው የቆመበት ስፍራ፣ ሰዓቱና ዕለቱ ከሥዕሉ ጋር ይጻፍ፤ ሽማግሌዎችም ሥዕሉን አይተው የማን ቤት የት እንደ ነበረ ይጠየቁ። እኛ ሥራውን ከጊንጆ ጉዱሩ ጀምረናል። እስካሁን ያነሣነው አሥራ አንድ ስፍራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የሐሙስም የእሑድም ሥዕል አለው።